የቀያሹ ቀኝ እግር

መካኒኩ የአማቱን መኪና ገና ሁለት መታጠፊያ ሲቀራት በድምጿ ለያት።

የሰፈሩ ታክሲ ነጂዎች «ጆሮ» ነው የሚሉት። የታመመ ካምቢዮ ደጃፉ ላይ ሳይደርስ የትኛው ማርሽ እንደሚንሸራተት ስለሚነግራቸው፣ «ይሄ ሰውዬ እጅ ባይኖረው በጆሮው ይበላ ነበር» እያሉ ይቀልዱበታል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ግን ጆሮውን የሚወትፍበት ጥጥ ቢያገኝ አይጠላም ነበር። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልተነሳችም። አሁንም ጮኸ፤ ከዚያ ከኋላዋ እንደተገፋች ሁሉ ዘላ ወጣች፤ ወዲያው ፍሬን ተያዘ። ጩኸት፣ መገተር፣ ዝላይ፣ ፍሬን። እንዲህ እየሆነች ቀረበች። መካኒኩ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሌላ ሰው መኪና ሆድ ሥር ቆሞ ነበር። የያዘውን ቁልፍ ሳያዞር ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀ። አላለፈም። ደጁ ላይ ሲደርስ ጠፋ።

ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት በገዛ እጁ ያስገባው፣ ብሎኑን አንድ በአንድ ያጠበቀው እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ምሳ ላይ ነው። የሚስቱ አባት ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። አርባ ዓመት ሜዳና ገደል ሲለኩ ኖረዋል፤ መሣሪያ በሌለበት ደግሞ በእግራቸው ይለኩ ነበር። መቶ ሜትር በመቶ ሠላሳ አንድ እርምጃ ይጨርሳሉ፤ አንድም ቀን ሠላሳ ሁለት ሆኖ አያውቅም ብለው ይምላሉ። ባለቤታቸው፣ መካኒኩ እንደ ሚስቱ «እማማ» የሚላቸው፣ ኩላሊታቸው ደክሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደማቸውን ሊያሳጥቡ ክሊኒክ ይሄዳሉ። የሚያደርሷቸውም የሚመልሷቸውም ቀያሹ ናቸው። ለሌላ ነጂ አይሰጧቸውም። የሰው ፍሬን ያጥወለውላታል ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው፤ እማማ ከእጥበት ሲወጡ ትንሽ መናጥ ይበቃቸዋል።

በዚያ እሑድ የመኪናዋ ኮንቨርተር ሞቶ ነበር። አውቶማቲክ መኪና ፍሪሲዮን የላትም። በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ኮንቨርተር የሚሉት፣ ዱባ የሚያህል የተዘጋ ብረት አለ፤ ውስጡ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ እሱ የሚወረውረው ዘይት ሌላውን ያዞራል፤ ያኛው ደግሞ ጎማውን። ሁለቱ ፈጽሞ አይነካኩም። «እንደ አማችና አማት ነው» ይል ነበር መካኒኩ ለሚጠይቀው ሁሉ፤ «ሳይነካኩ በመሃላቸው ባለው ነገር ይገፋፋሉ።»

የሚስቱ ታላቅ ወንድም ፋርማሲስት ነው፤ የሚናገረውን ሁሉ እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ባጭሩ የሚጨርስ። ምሳው ላይ፣ መኪናዋን ትልቅ ጋራዥ እንውሰዳት ብሎ ጀመረ። ጆሮ ይሰማል እንጂ አያይም፣ ብሎ ደግሞ አከለበት፤ ሁሉም ሳቀ። ቀያሹ እንኳ ፈገግ አሉ። መካኒኩም አብሮ ሳቀና፣ ሳቁ ገና ከከንፈሩ ሳይወርድ፣ ረቡዕ ጠዋት አባባ እማማን በገዛ መኪናቸው ይወስዷቸዋል ብሎ ቃል ገባ። የገባውን ቃል የሰማው ራሱም እንደሌሎቹ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሰኞ ዕቃ መሸጫዎቹን ሁሉ ዞረ። ለዚያች መኪና የሚሆን ኮንቨርተር የለም፤ ታዝዞ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል አሉት። አዘዘና ባዶ እጁን ተመለሰ። መደርደሪያው ላይ ግን አንድ ነበር። «ነፋሱ» የሚሉት ደንበኛው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የቀጥታ መስመር ሽቅድምድም የሚወዳደር ሰው፣ መኪናውን ሲሸጥ አስወልቆ የተወው። ሁለቱ መኪኖች የአንድ ፋብሪካ ልጆች ስለሆኑ ልኩ ገጠመ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መካኒኩም ለጊዜው ብሎ አነሳው።

የነፋሱ ኮንቨርተር ለጎዳና የተሠራ አይደለም። የተራ መኪና ኮንቨርተር ሞተሩ ገና ሁለት ሺህ ዙር ሳይሞላ ዘይቱን ጨብጦ ይገፋል። የሽቅድምድሙ ግን ሞተሩ ሦስት ሺህ ተኩል እስኪደርስ ዘይቱን እያንሸራተተ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ጉልበቱ ላይ ሲወጣ ያኔ አንዴ ይለቀዋል። ባዶ አስፋልት ላይ ይህ ደስ ይላል። መብራት በበዛበት፣ እግረኛ በሚያቋርጥበት መንገድ ላይ ግን መኪናዋ ጆሮዋ እንደከበደ ሰው ትሆናለች፤ ሲነግሯት አትሰማም፣ ሲጮሁባት ትደነግጣለች። ዝግ ብላ መሳብ የሚባለው ነገርም ይጠፋል። እግር ከፍሬን ሲነሳ በራሷ ሸርተት ማለት የለመደች መኪና ባለችበት ትገተራለች፤ ዳገት ላይ ከሆነች ወደ ኋላ ትመለሳለች። ነዳጅ ትበላለች፤ ዘይቷ ይግላል። መካኒኩ ይህን ሁሉ ያውቃል። ዘይቱ እንዳይቃጠል ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አሰረ። ለዘይቱ አሰበ።

መኪናዋን ማክሰኞ ከሰዓት አስረከበ። ቀያሹ ሰፈሩን አንድ ዙር ነድተው ሲመለሱ፣ ትንሽ ከበደችብኝ፣ አሉ። አዲስ ዕቃ ነው፣ እስኪለማመድ ነው፣ አላቸው። በሚቀጥለው እሑድ፣ ሁሉም በተቀመጠበት፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚህ ቤት ቃሉን የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ፣ እሱም እኔ ያልወለድኩት ነው፣ አሉ። ፋርማሲስቱ ሾርባው ላይ አቀረቀረ። መካኒኩ ከዚህ ቤት ካገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

ትክክለኛው ኮንቨርተር በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ላስቲኩን እንኳ ሳይቀድ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ከተተው። ለመቀየር ካምቢዮውን እንደገና ማውረድ አለበት፤ ለማውረድ ምክንያት መስጠት አለበት፤ ምክንያቱ ደግሞ ያን ማንኪያ የተቀመጠለትን ንግግር ይዞት ይወርዳል። የሚቀጥለው ሳምንት አለ። ሳምንቱ ሲመጣ የሚቀጥለውን አለ። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ዕቃ ጆንያ አለበሰው፤ ጆንያው ላይ አሮጌ ጎማ ጫነበት።

እንግዲህ ቀያሹ መኪናዋን እያስጮኹ በመጡበት በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጋራዡ ገቡ። የተገለበጠ የዘይት ጣሳ ላይ መሐረብ አንጥፈው ተቀመጡ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጉድጓዱ ወጣ። ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቁት፤ የለም አላቸው። ለሚስትህ እንዳትነግር፣ አሉት፤ እሺ አለ።

«እግሬ ከድቶኛል» አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ መስክ ሪፖርት በቅደም ተከተል አስረዱት። ነዳጅ የረገጡ ይመስላቸዋል፤ መኪናዋ ግን አትነቃነቅም፤ ስለዚህ አልረገጡም ማለት ነው። ጨምረው ሲረግጡ ደግሞ እግሩ ከልክ በላይ ይረግጣል፤ መኪናዋ ትዘላለች፤ እማማ በእጃቸው ዳሽቦርዱን ይይዛሉ። ምንም አይሉም፤ ይይዛሉ ብቻ። «በልቤና በእግሬ መሃል ሰው ገብቷል» አሉ ቀያሹ። ከቤታቸው ጀርባ መቶ ሜትር ለክተው በእርምጃ ሄደውበታል። መጀመሪያ ቀን መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ፤ ሁለተኛው ቀን መቶ ሠላሳ አራት። ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መኪናዋን እይልኝ። ከእሷ ከሆነ፣ ከእሷ ነው። ከእሷ ካልሆነ ግን ማወቅ አለብኝ። ሚስቴን ነው የምጭነው።»

መካኒኩ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ያን ኮንቨርተር ያባብለዋል፤ ነዳጁን በአውራ ጣት ያህል ይሰጣል፣ ይጠብቃል፣ ሲይዝ ይለቃል። ሰፈሩን ሲዞር መኪናዋ አንዴም አልዘለለችም። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሄደ። አባባ፣ አንድ ነገር አለ፤ አባባ፣ እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ቀያሹ ከጣሳው ተነስተው፣ መሐረባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የሐኪም ደጅ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ነበር። ዓይናቸውን አየና ያዘጋጀው ሁሉ በነነ።

«መኪናዋ ምንም የለባትም፣ አባባ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው ፈለገ፤ ግን ቀያሹ ቀደሙት። ሁለት ሦስት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉ። ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ጎሽ ልጄ። እውነቱን ስለነገርከኝ።»

ያን ቀን የሠራውን ሥራ በማግስቱ ፈትቶ እንደገና ሠራው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክሊኒኩ በር ላይ፣ መኪና የሚሰለፍባት አጭር ዳገት ላይ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተሳሳመች። የኋላ መብራቷ ተሰነጠቀ እንጂ ሰው አልተነካም። ዘበኛው ግን ለፋርማሲስቱ ነገረው፤ በክሊኒኩ አጠገብ ነው መድኃኒት ቤቱ። ፋርማሲስቱ የአባቱን ስኳር ለካ፣ ግፊት ለካ፤ ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ። እግራቸው ደህና አድርጎ ዘለለ። ይህ ደግሞ የባሰ አሳሰበው፤ እግሩ ደህና ከሆነ ነገሩ ከላይ ነው አለ፤ ግንባሩን እየነካ። የማስታወስ ችሎታ የሚመረምር ሐኪም ዘንድ ወረፋ አስያዘላቸው።

የመካኒኩ ሚስት ማታ ማታ ራት ሲበሉ ስለ አባቷ ታወራ ጀመር። ለካ ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ ያረጃል አለች። ለካ እኔ አላየሁም እንጂ ቆይቷል፤ ባለፈው ዓመት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲፈልጉት ነበር አለች። መካኒኩ፣ እሱማ እኔም እፈልጋለሁ፣ አላት። አንተ መነጽር የለህም አለችው። እውነቷን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ እሱ እያወቀ አባቷ በዓይኗ ፊት ሲያረጁ፣ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ አገላብጣ የእርጅናቸውን ማስረጃ ስትለቅም ያያል።

አንድ መላ መጣለት። መኪናዋን ሁለት ቀን ይተዉልኝ፣ ዘይት ልቀይርላት ብሎ ቀያሹን ለመነ። በዝምታ አውልቆ በዝምታ ሊያስገባ፤ መኪናዋ ስትስተካከል የቀያሹም እግር በዚያው እንደዳነ ሊቆጠር። ቀያሹ እንቢ አሉ። ለደህና መኪና አትልፋ፣ አሉት፤ መላ የሚያስፈልገው ለእኔ ነው። ምንም የለባትም ብለኸኝ የለ?

በሦስተኛው እሑድ፣ ሾርባው ተነስቶ ሻይ ሳይቀርብ፣ ቀያሹ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከዳቦው ሳህን አጠገብ አስቀመጡት። ሰው መቼ መውረድ እንዳለበት ማወቅ አለበት አሉ፤ ሳልገጭ፣ ነፍስ ሳላጠፋ ልውረድ። ፋርማሲስቱ የተዘጋጀበት ነበር፤ እማማን የሚያመላልስ ሹፌር አግኝቻለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው አለ። የመካኒኩ ሚስት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እማማ ብቻ፣ «እኔኮ አልፈራሁም» አሉ ለባላቸው፤ «ዳሽቦርዱን የምይዘው እንዲሁ እጄ ሥራ ሲፈታ ነው።»

ቀያሹ እጃቸውን ሚስታቸው እጅ ላይ ጣሉ።

«በከንቱ የወሰንኩ እንዳይመስላችሁ። እሱ አይቶልኛል» አሉ፤ ወደ መካኒኩ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ከመኪናዋ አይደለም። ንገራቸው ልጄ።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። የቁልፉ መያዣ ላይ ትንሽ የመለኪያ ሜትር ተንጠልጥላ ነበር፤ እሷን እሷን አየ።

«ከመኪናዋ ነው» አለ።

ሌላውን እንዴት እንደተናገረው በኋላ አያስታውስም። ስለ ነፋሱ ተናገረ፣ ስለ ሦስት ሺህ ተኩል ዙር፣ ስለ መደርደሪያው፣ ስለ ጆንያው። ማንም ያልጠየቀውን የብሎን ቁጥር ሳይቀር ተናገረ። ዝም ሲል ፋርማሲስቱ ወንበሩን ገፍቶ ተነስቶ ነበር፤ እኔ አባቴን ለአእምሮ ሐኪም ላቀርብ ነበር፣ አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቀያሹ ሳያዩት፣ ተቀመጥ አሉት።

«ከየትኛው ቀን ጀምሮ?» አሉ መካኒኩን።

«ካስረከብኩዎት ቀን ጀምሮ።»

«ትክክለኛው ዕቃ የመጣውስ?»

«ዘጠኝ ሳምንት ሆነው።»

ቀያሹ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ አሳረፉ፤ ካርታ ላይ ነጥብ እንደሚያኖር ሰው። የመጨረሻው ጣት ላይ ቆሙ።

«የዚያን ማክሰኞ ስለ እግሬ ስነግርህ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ተነሱ። ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሲሄዱ፣ ሲመለሱ፣ ደግሞ ሲሄዱ ጫማቸው ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ሳይተያዩ እርምጃውን ይሰማሉ። መካኒኩ ሳያስበው ይቆጥር ነበር። እኩል ነው፤ ምንም ጉድለት የለበትም፤ እንደ ጤነኛ ሞተር እኩል። ተመልሰው ሲገቡ ሚስታቸውን ብቻ አዩ።

«እግሬ ደህና ነበር» አሏቸው።

«አውቃለሁ» አሉ እማማ።

ከዚያ ቁልፉን ወደ መካኒኩ ገፉት። «ይውሰዱት። ሥራዎን ይሥሩ» አሉ። በዘጠኝ ዓመት አንቱ ብለውት አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ማንኛውም የጋራዥ ሰው፣ በጨዋ አንደበት፣ አንቱ ይሉታል።

ሚስቱ ቤት ደርሰው በሩን ስትከፍት፣ ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበር፣ አለችው።

ሰኞና ማክሰኞ ሌላ ሥራ አልተቀበለም። የነፋሱን ኮንቨርተር አውርዶ፣ ትክክለኛውን አስገብቶ፣ ዘይቱን ለውጦ፣ የተሰነጠቀውን የኋላ መብራት ሳይቀር ተካ። ሲነዳት እንደ ድሮዋ ሆነች፤ እግሩን ከፍሬን ሲያነሳ ሸርተት ብላ ተሳበች። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎት ነበር።

ቀያሹን አጠገባቸው ተቀምጦ አስነዳቸው። ተነሱ፤ መኪናዋ እንደ ውሃ ሄደች። መቶ ሜትር ያህል ሄደው እግረኛ መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ግን መኪናዋ እንደተቸነከረች ቆመች፤ መካኒኩ በግንባሩ ሊደፋ ደረሰ። ሲነሱ ሞተሩ አጉረመረመ፤ ሲሄዱ አንድ ነገር የሚጎትታቸው ይመስላል። ሁለት መንገድ አልፈው የፍሬን ሽታ መጣ። መካኒኩ ዝቅ ብሎ እግራቸውን አየ። ሁለቱም እግሮች ሥራ ላይ ነበሩ። ቀኙ ነዳጁ ላይ፣ ግራው ፍሬኑ ላይ።

እንዳትዘል ብዬ ነው፣ አሉ ቀያሹ ሲጠይቃቸው። ቀኙን እግራቸውን ሲጠረጥሩት ጊዜ ግራውን ቀጥረውበት ነበር። እማማ ሳይነሱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ብቻቸውን ባዶ ሜዳ ላይ ሄደው ሳምንታት ተለማምደውታል፤ በግራ ይዞ በቀኝ መስጠት፣ ሲይዝ ግራውን ቀስ አድርጎ መልቀቅ። ለዚያ ኮንቨርተር ብልህ ዘዴ ነበር። ለተስተካከለችው መኪና ግን አደገኛ ነው፤ ሰው ድንገት ሲደነግጥ ሁለቱንም ይረግጣል። አሁን መኪናዋ ድናለች፤ ሰውየው ግን የሌለ በሽታ መድኃኒት ለምደው ቀርተዋል። ይህን ብሎን ፈትቶ የሚያወጣው አልነበረም።

ረቡዕ እማማን ሹፌሩ ወሰዳቸው። ዓርብም። መካኒኩ በየጠዋቱ ጋራዡን ሳይከፍት ያን ባዶ ሜዳ ከቀያሹ ጋር ይዞራል። ግራዎን ወደ ኋላ፣ አባባ፣ ይላል። እሺ፣ ይላሉ። ለሃያ እርምጃ ያህል እግሩ ከወንበሩ ሥር ይቀመጣል፤ ከዚያ ሳይታዘዝ፣ እንደ ለመደ ውሻ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል። ቀያሹ ተናደው ጭናቸውን ይመቱታል። አንድ ጊዜ፣ መካኒኩ ለመቶኛ ጊዜ ይቅርታ ሲጀምር፣ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ይቅርታውን ሰምቻለሁ አሉ፤ እግሬ አልሰማም።

መላውን ያመጡት እማማ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ሹፌሩ ሊመጣ ሲል ደውለው አስቀሩትና፣ እኔ ዛሬ በባሌ ነው የምሄደው ብለው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ገብተው ተቀመጡ። መካኒኩ ከኋላ ገባ። እማማ ቀበቷቸውን አስረው ሲያበቁ ባላቸውን፣ የግራ ጫማህን አውልቀው አሏቸው። ባዶ እግር ከቤት መውጣት ያፍራል፤ ብረት ሲነካ ደግሞ ይነቃል፤ ልጆቻችንን ጣት መጥባት ያስተውኳቸው በዚህ ዓይነት ነው አሉ። ቀያሹ አንገራገሩ። ጡረታ የወጣ መንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጫማ ሊነዳ ነው ወይ አሉ። ማን ያይሃል አሏቸው፤ ከወገብህ በታች መኪና ነህ።

ቀያሹ ጎንበስ ብለው ፈቱት። የሚያስቀምጡበት አጡ፤ ፔዳሉ ሥር ከገባ አደጋ ነው። ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ በትከሻቸው ላይ አሳልፈው ሰጡት።

«ይያዙልኝ» አሉ።

መካኒኩ ተቀበለ። መኪናዋ ሸርተት ብላ ከግቢው ወጣች። መጀመሪያው መብራት ላይ የቀያሹ ግራ ትከሻ ሊነሳ ሲል አየው፤ ከዚያ ወረደ፤ መኪናዋ በቀኝ እግር ብቻ፣ ቀስ ብላ ቆመች። ሁለተኛው ላይ ግን እግሩ ሾልኮ መጣ፤ ሦስቱም ወደ ፊት ተናጡ። የእማማ እጅ ግን ጭናቸው ላይ ነበር፤ እዚያው ቆየ። ክሊኒኩ በር ላይ ያለችው ዳገት ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው ሦስት መኪና ተሰልፎ ነበር። አንዱ በተነቃነቀ ቁጥር ቀያሹ ፍሬኑን ይለቃሉ፣ መኪናዋ ወደ ላይ ትሳባለች፣ ደግሞ ይይዛሉ። ላብ ከጆሯቸው ኋላ ወርዶ ኮሌታቸው ውስጥ ገባ። መካኒኩ ያን ላብ ከኋላ እያየ፣ ጫማውን በሁለት እጁ ጭኑ ላይ ይዞ ነበር። ገና አልቀዘቀዘም።